የኮማንደር ስቴንሃውስ የሜዳሊያ ስብስብ፦ ምን ይዞ መገኘት አለበት፣ ምንስ መያዝ የለበትም?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። አንድ አንባቢ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምጽዋ አካባቢ ስለሰመጡ መርከቦች ሲያነቡ «ኮማንደር ጄ. አር. ስቴንሃውስ፣ ዲኤስኦ፣ ኦቢኢ፣ ዲኤስሲ፣ አርዲ፣ አርኤንአር» የሚል ስም ገጠማቸው። ከስሙ ኋላ የተሰለፉት ፊደላት የትኞቹ ሜዳሊያዎች ናቸው? ሰውየው በምን አገኛቸው? እንዲህ ያለ ስብስብ ቢቀርብልኝስ እውነተኛነቱን በምን ልለይ? ይላሉ።

ፊደላቱ ባጭሩ፦ ዲኤስኦ የላቀ አገልግሎት ኒሻን፣ ኦቢኢ የእንግሊዝ ኢምፓየር ኒሻን፣ ዲኤስሲ የላቀ አገልግሎት መስቀል፣ አርዲ የተጠባባቂ መኮንኖች ኒሻን ናቸው። መልሱን ከዋናው ነገር ልጀምር። በእንዲህ ዓይነቱ የእንግሊዝ ስብስብ ውስጥ ውዶቹ ኒሻኖች የባለቤታቸው ስም አይጻፍባቸውም። ስም ያለባቸው በሚሊዮን የታደሉት ተራ ሜዳሊያዎች ናቸው። ስለዚህ ምርመራው የሚጀምረው ዓይን ከሚስበው ነጭ መስቀል ሳይሆን ማንም ልብ ከማይለው የብር ሜዳሊያ ጠርዝ ነው። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው የቀን ስሌት ነው፤ ሰውየው በየትኛው ወር የት ነበር? በስቴንሃውስ ጉዳይ ይህ ስሌት ብዙ ነገር ይፈታል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጆሴፍ ራስል ስቴንሃውስ በ1887 በስኮትላንድ ደምባርተን ተወለደ። ከወጣትነቱ ጀምሮ በንግድ መርከቦች ላይ ሲሠራ ቆይቶ፣ በ1914 ሰር ኧርነስት ሻክልተን ባሰናዳው የአንታርክቲካ ጉዞ አውሮራ በተባለችው መርከብ ላይ የካፒቴኑ ቀዳሚ ምክትል ሆነ። የአውሮራ ቡድን ሥራ ከሮስ ባሕር በኩል ገብቶ፣ ከማዶ ተነሥቶ አህጉሩን ያቋርጣል ለተባለው ለሻክልተን በየመንገዱ ስንቅ ማኖር ነበር። ሜይ 6 ቀን 1915 ሌሊት ኬፕ ኢቫንስ ላይ የታሰረችውን መርከብ አውሎ ነፋስ ገመዶቿን በጣጥሶ ወሰዳት። አለቃው ኢኒያስ ማኪንቶሽን ጨምሮ 10 ሰዎች የብስ ላይ ቀሩ፤ 18ቱ ከመርከቧ ጋር በረዶ ውስጥ ተቀርቅረው ተንሳፈፉ። አዛዥነቱ በስቴንሃውስ ላይ ወደቀ። የመርከቧ መሪ በበረዶ ግፊት ተሰበረ፣ መርከበኞቹም በእጃቸው ካለው እንጨት ጊዜያዊ መሪ ሠሩ። በፌብሩዋሪ 1916 በረዶው ለቀቃት፣ በማርች አጋማሽ ክፍት ባሕር ላይ ወጣች፣ ኤፕሪል 3 ኒውዚላንድ ውስጥ ፖርት ቻልመርስ ገባች። የብስ ላይ ከቀሩት 10 ሰዎች 3ቱ ሞቱ፤ ከሟቾቹ አንዱ ማኪንቶሽ ነው። የቀሩት 7 የተገኙት በጃንዋሪ 1917 ነው፤ ያኔ አውሮራን ይመራ የነበረው ግን ጆን ኪንግ ዴቪስ እንጂ ስቴንሃውስ አልነበረም። ስቴንሃውስ በ1923 የማኪንቶሽን ባለቤት የነበረችውን ሴት አገባ።

ከበረዶው ሲመለስ ጦርነቱ ገና አላለቀም ነበርና በንጉሣዊው የባሕር ኃይል ተጠባባቂ መኮንንነት ዘመተ። አርኤንአር የሚሉት ፊደላት ይህን ያመለክታሉ፤ ሽልማት ሳይሆኑ የክፍሉ ስም ናቸው። በሻክልተን ጉዞ ኢንዱራንስ የተባለችው ሌላዋ መርከብ ካፒቴን የነበረው ፍራንክ ወርስሊ ፒሲ-61 የተባለች፣ ከሩቅ የንግድ መርከብ የምትመስል የጦር መርከብ ያዝዝ ነበር፤ ስቴንሃውስም አብሮት ነበር። ሴፕቴምበር 26 ቀን 1917 ፒሲ-61 ዩሲ-33 የተባለችውን የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ በአፍንጫዋ ገጭታ አሰመጠች። አዛዡ ወርስሊ ዲኤስኦ፣ ስቴንሃውስ ዲኤስሲ ተሸለሙ። ይህ አከፋፈል የተለመደ ነው፤ አዛዡ ኒሻኑን፣ ከሥሩ ያለው መኮንን መስቀሉን ያገኛል። ስቴንሃውስ የራሱን ዲኤስኦ ያገኘው በኋላ፣ በሰሜን ሩሲያው ዘመቻ ነው። ከ1925 እስከ 1927 ደግሞ የዓሣ ነባሪዎችን ኑሮ ለማጥናት በስታንሊ ኬምፕ መሪነት ወደ ደቡብ በተላከው ጉዞ ዲስከቨሪ የተባለችው መርከብ ካፒቴን ሆነ።

ፍጻሜው ለእኛ ቅርብ ነው። ምጽዋ ኤፕሪል 8 ቀን 1941 በእንግሊዝ ጦር እጅ ስትገባ ኢጣሊያኖች ወደቡን በሰመጡ መርከቦች ዘግተውት፣ አካባቢውንም በባሕር ፈንጂ ሞልተውት ነበር። ስቴንሃውስ ሴፕቴምበር 12 ቀን 1941 ቀይ ባሕር ላይ ምጽዋ አጠገብ ተሳፍሮባት የነበረችው መርከብ ፈንጂ መትታ ሞተ። ቀኑ በእኛ መስከረም 2 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው፤ የዘመን መለወጫ ማግስት መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ደረት አሰላለፉ። የእንግሊዝ ሜዳሊያ የሚደረደረው ከለባሹ ደረት መሐል ወደ ግራ ክንዱ ነው፤ ፊት ለፊት ለሚያይ ሰው ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል። ቅደም ተከተሉ ዲኤስኦ፣ ኦቢኢ፣ ዲኤስሲ፣ ከዚያ የዘመቻ ሜዳሊያዎች በዘመናቸው፣ ከእነሱ በኋላ ለዋልታ ተጓዦች የሚሰጠው የዋልታ ሜዳሊያ ካለ እሱ፣ ቀጥሎ አርዲ፣ በመጨረሻ የውጭ አገር ሽልማት ነው። የተወለወለና በአዲስ ሪባን የተሰፋ ስብስብ አርዲውን ከዲኤስሲ አጠገብ ቢያስቀምጥ የሰፋው ሰው ደንቡን አያውቅም ማለት ነው። መኮንኖች ግን ሜዳሊያቸውን ደንብ ለሚያውቅ ልብስ ሰፊ ይሰጡ ነበር።

ይህን ስብስብ ያልተለመደ የሚያደርገው የዲኤስኦና የዲኤስሲ መገናኘት ብቻ አይደለም፤ በርካታ መኮንኖች ሁለቱንም አግኝተዋል። ብርቅ የሚሆነው ከእነሱ ጋር የተጠባባቂነት አርዲ፣ የአንታርክቲካ ታሪክና በሁለተኛው ጦርነት መሞት በአንድ ሰው ላይ ሲገጥሙ ነው። ብርቅ ሲሆን ደግሞ ሐሳዊ ስብስብ ለሚያቀናብር ሰው ይመቻል። እያንዳንዱን ቁራጭ ለየብቻ መግዛት ይቻላልና።

መጀመሪያ መኖር የሌለበትን እንይ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የተሳተፈ ሰው ሦስት ሜዳሊያ አለው ብሎ ማሰብ የተለመደ ነው፦ የነሐስ ኮከብ፣ የብር የጦርነት ሜዳሊያ፣ የድል ሜዳሊያ። ኮከቡ ግን የሚሰጠው ከኦገስት 5 ቀን 1914 እስከ ዲሴምበር 31 ቀን 1915 ባለው ጊዜ በጦር ግንባር ለነበረ ነው። ስቴንሃውስ 1915ን በሙሉ በደቡብ ዋልታ ውሃዎች ነበር፤ ከሜይ ጀምሮ ደግሞ በበረዶ ተይዞ። እንግሊዝ አገር ሲመለስ የኮከቡ ዘመን አልፏል። ስለዚህ ለእሱ የሚገባው ጥንዱ፣ ማለትም የብሩና የድሉ ሜዳሊያ ብቻ ነው። በስሙ 1914-15 ኮከብ የያዘ ስብስብ ቢቀርብልዎ፣ ጉድለቱን ለመሙላት ያሰበ ሰው ስሕተት እንደፈጠረ ይቁጠሩት። ያለ ኮከብ የቀረበን ስብስብ ደግሞ «አንድ ይጎድለዋል» ብሎ ዋጋ የሚያወርድ ካለ እሱም አላሰላም።

በተመሳሳይ ስሌት ከአንደኛው ጦርነት በኋላ ለሟች ቤተሰቦች የተሰጠው፣ 120 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የነሐስ መታሰቢያ ሰሌዳ እዚህ ቦታ የለውም። ሰውየው የሞተው በሁለተኛው ጦርነት ነው፤ ያኔ ለቤተሰብ የሚላከው የወረቀት ጥቅል ነበር። ለሰሜን ሩሲያ ዘመቻም የተለየ የእንግሊዝ ሜዳሊያ አልወጣም። ለዚያ አገልግሎት የብሩ የጦርነት ሜዳሊያ ዘመን ተራዝሞ ሸፍኖታል።

አሁን ወደ ጥንዱ ጠርዝ። የብሩ ሜዳሊያ ዲያሜትር 36 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ክብደቱ ወደ 31 ግራም ነው፤ የድሉ ሜዳሊያ ነሐስ ሆኖ ስፋቱ ያው 36 ነው። ስሙ በማሽን በተመቱ ትልልቅ ፊደላት ጠርዙ ላይ ይገኛል፦ ማዕረግ፣ የስም መነሻዎች፣ የቤተሰብ ስም፣ ከዚያ አርኤንአር። መኮንን የአገልግሎት ቁጥር የለውም፤ ቁጥር ካዩ የተራ መርከበኛ ሜዳሊያ ነው። በዚህ ሜዳሊያ ላይ የመርከብ ስምም አይጻፍም። በሁለቱ ላይ ያለው ጽሑፍ እርስ በርሱም፣ ከመዝገቡም ጋር በፊደል መግጠም አለበት።

ስም የተቀየረበትን ለመለየት ካሊፐር የተባለው የስፋት መለኪያ ያስፈልጋል። አጭበርባሪ የድሮውን ስም በሞረድ ያጠፋና አዲስ ይመታል፤ ሲሞርድ ብረት ይቀንሳል። ዲያሜትሩን ከማንጠልጠያው ጀምሮ ቢያንስ በ4 አቅጣጫ ይለኩ። አንዱ ከሌላው በግማሽ ሚሊ ሜትር ካነሰ ጠርዙ ተነክቷል። ከዚያ በ10 እጥፍ አጉሊ መነጽር ብርሃንን ከጎን አድርገው ይመልከቱ፤ ያልተነካ ጠርዝ ለስላሳና ወጥ ሲሆን የተሞረደው ጠፍጣፋ፣ ባለ ጥቃቅን ጭረት ይሆናል። አንዳንዴ ከአዲሶቹ ፊደላት ሥር የድሮው ፊደል ጥላ ይታያል። የብሩን ሜዳሊያ በተለይ ይጠርጥሩ። በ1980 አካባቢ የብር ዋጋ ሲያሻቅብ እጅግ ብዙዎቹ ቀልጠዋል፤ የድል ሜዳሊያው ብቻ የቀረበት ስብስብ የበዛው በዚህ ነው፤ ክፍተቱን በሌላ ሰው ሜዳሊያ የሚሞላም አልጠፋም።

ጥንዱ ካለፈ በኋላ ስም የለሾቹን በየተራ ይጠይቁ። ዲኤስኦ በ1886 የተመሠረተ ኒሻን ነው፤ ከ1889 በኋላ ከወርቅ ወደ ወርቅ የተቀባ ብር ተቀይሯል። ነጭ የኢናሜል (በብረት ላይ የተለበጠ የመስታወት ቀለም) መስቀል ነው፣ መሐሉ ላይ አረንጓዴ የሎረል አክሊል ዘውዱን ይከባል፣ ጀርባው ላይ የንጉሡ ስም ምልክት አለ። ለስቴንሃውስ ዘመን የጆርጅ አምስተኛ መሆን አለበት፤ የጆርጅ ስድስተኛ ከሆነ ምትክ ነው ወይም የሌላ ሰው ነው። የሽልማቱን ዓመት ከማንጠልጠያው ጀርባ መቅረጽ የተጀመረው በ1938 ነው፤ በዚህኛው ላይ ዓመት ቢገኝ ማን እንዳስቀረጸው መጠየቅ ይገባል። የተሸራረፈ ኢናሜል አያስደንግጥዎ፤ የተለበሰ ኒሻን ይሸራረፋል። በቀለም የተጠገነው ነው የሚያሳስበው፤ ከዋናው ኢናሜል ይልቅ ድንግዝግዝ ይላል፣ በአልትራቫዮሌት ብርሃንም ቀለሙ ይለያል።

ኦቢኢ ለጥንቃቄ ይረዳል፣ ምክንያቱም ሁለት ዓይነት ቅርጽ አለው። ከ1917 እስከ 1937 የተሰጠው መሐሉ ላይ የተቀመጠች የብሪታኒያ ምስል አለበት፤ ከ1937 ወዲህ ያለው የንጉሥ ጆርጅ አምስተኛና የንግሥት ሜሪ ገጽ ነው። ሪባኑም አብሮ ተቀይሯል፦ የድሮው ሐምራዊ፣ ለወታደራዊው ክፍል መሐሉ ላይ ቀይ መስመር ያለው፤ አዲሱ ሮዝ ሆኖ ዳሩ ግራጫ ነው። ሪባኑ ብቻ አዲስ መሆኑ ምንም አያረጋግጥም፣ ባለ ኒሻኖቹ አዲሱን እንዲለብሱ ተፈቅዶ ነበርና። ሽልማቱ በወታደራዊው ወይስ በሲቪሉ ክፍል እንደሆነ የሚቆርጠው ሽልማቶች የሚታወጁበት የመንግሥት ጋዜጣ፣ የለንደን ጋዜት እንጂ ሪባኑ አይደለም።

ዲኤስሲ በ1901 በሌላ ስም ተመሥርቶ በኦክቶበር 1914 አሁን የሚጠራበትን ስም ያገኘ፣ ጌጥ ያልበዛበት የብር መስቀል ነው። ጫፎቹ ክብ፣ ሪባኑ ጥቁር ሰማያዊ፣ ነጭ፣ ጥቁር ሰማያዊ በእኩል ስፋት። ለመርማሪ ከሁሉም የሚመቸው ቁራጭ ይሄ ይመስለኛል፣ ጀርባው ላይ የብር ማረጋገጫ ማኅተም ስላለው። የለንደን ማኅተም በየዓመቱ በሚቀየር ፊደል ዘመኑን ይናገራል፤ አዲሱ ዙር በ1916 በትንሹ «ኤ» ተጀመረ፣ የ1917 ፊደል ትንሹ «ቢ» ነው። ከተሸለመበት ዓመት የቀደመ ፊደል ችግር የለውም፣ ከተዘጋጀው ክምችት ወጥቶ ይሆናል። በብዙ ዓመት የዘገየ ፊደል ግን ይህ መስቀል ያን ጊዜ አልነበረም ማለት ነው። ዓመቱን በታችኛው ክንድ ጀርባ በይፋ መቅረጽ የተጀመረው በ1940 ነው። አንዳንድ መኮንኖች በራሳቸው ገንዘብ ስማቸውንና የውጊያውን ቀን አስቀርጸዋል፤ ያ ሕገ ወጥ አይደለም፣ ማስረጃም አይደለም። ቀራጭ ዛሬም አለ።

አርዲ የተጠባባቂ መኮንኖች የ15 ዓመት አገልግሎት ኒሻን ነው፣ የጦርነት ዘመን እጥፍ ይቆጠራል። ከታች በቋጠሮ የታሰረ የብር ገመድ ሞላላ ሆኖ ወርቅማውን የንጉሥ ምልክት ይከባል። ሪባኑ እስከ 1941 ሙሉ አረንጓዴ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በሁለቱ ዳር ነጭ ተጨመረበት። በዚያው ዓመት የሞተ ሰው በሕይወት ሳለ ያሰፋው ስብስብ ሙሉ አረንጓዴውን ቢይዝ ይጠበቃል።

የዋልታ ሜዳሊያው ለብቻው ይታይ። ከስም ኋላ የሚቀመጥ ፊደል ስለሌለው ከማዕረግ ዝርዝሩ መኖሩም አለመኖሩም አይታወቅም፤ የሚፈልጉት በተሸላሚዎች መዝገብ ነው። ስምንት ማዕዘን ነው፣ ሪባኑ ነጭ፣ ስሙ ጠርዙ ላይ ይጻፋል፣ ዓመቱ ሪባኑ ላይ በሚታሰር ዘለበት ይነገራል። በብርም በነሐስም ተሰጥቷል፤ በመዝገቡ የተጻፈው ብረትና እጅዎ ላይ ያለው ካልተመሳሰሉ ምርመራው እዚያ ያበቃል። ጀርባው ላይ የተቀረጸችው መርከብ ራሷ ዲስከቨሪ ናት፣ ስቴንሃውስ በኋላ ካፒቴን የሆነላት።

የሁለተኛው ጦርነት ኮከቦች ለእንግሊዝ ሠራዊት ስም አልባ ሆነው ወጡ፣ ስለዚህ ብቻቸውን ምንም አይመሰክሩም። የሚመረመረው ለባለቤቱ ይገቡ እንደሆን ብቻ ነው። የ1939-45 ኮከብ በተለመደው መስፈርት 6 ወር ይጠይቃል፣ በጠላት እርምጃ የሞተ ግን ጊዜውን ሳይሞላም ያገኛል። የአፍሪካ ኮከብ ደንብ ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች የተለየ ትርጉም አለው፦ የባሕር ኃይል ሰዎች የኢትዮጵያን፣ የሶማሌንና የኤርትራን ዘመቻ በመደገፍ ከጁን 10 ቀን 1940 እስከ ኖቬምበር 27 ቀን 1941 ካገለገሉ ይገባቸዋል። የማብቂያው ቀን ጎንደር ላይ የነበረው የመጨረሻው የኢጣሊያ ጦር እጁን የሰጠበት ነው። ሴፕቴምበር 12 በዚህ ውስጥ ይወድቃል። ከእነዚህና ከሁለተኛው ጦርነት የጦርነት ሜዳሊያ ውጭ ሌላ ኮከብ ከተጨመረ፣ ከአገልግሎት መዝገብ ማስረጃ ይጠየቅበት።

መዝገቦቹ በለንደን ኪው በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ናቸው። ኤዲኤም የባሕር ኃይል ሰነዶች መለያ ነው፤ ለተጠባባቂ መኮንን ኤዲኤም 240ን እና የካርድ መዝገቡን ኤዲኤም 340ን፣ ለሜዳሊያ ተሸላሚዎች ዝርዝር ኤዲኤም 171ን፣ ለአንደኛው ጦርነት የውጊያ ዘገባ ኤዲኤም 137ን ይጠይቁ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ኤዲኤም 196 ውስጥ ፈልጎ ሲያጣ «መዝገብ የለውም» ብሎ መደምደሙ ነው፤ ያ በዋናነት የመደበኛው ባሕር ኃይል መኮንኖች መዝገብ ነው። ከንግድ መርከብ የመጣ ሰው በመሆኑ የመርከብ አዛዥነት የምስክር ወረቀቶቹን በግሪኒች የባሕር ሙዚየም መፈለግም ያዋጣል፤ የልደት ቀንና ቦታ እዚያ ይገኛል። የለንደን ጋዜት በኢንተርኔት በነጻ ይታያል። በሰርጓጅ ላይ ለተፈጸመ ጀብዱ የሚሰጠው ማስታወቂያ ግን በጦርነቱ ዘመን ሆን ተብሎ አጭር ነበር፦ የመርከብ ስም የለም፣ ቦታ የለም። ሙሉውን ዝርዝር ከጋዜት ቀድቻለሁ የሚል ሻጭ ካጋጠመዎ ገጹን ያሳይዎ።

በመጨረሻ አብረው መኖራቸው። ለዓመታት ጎን ለጎን የተንጠለጠሉ ሜዳሊያዎች እርስ በርስ ይጋጫሉ፤ የመስቀሉ ክንድ በጎረቤቱ የብር ሜዳሊያ ፊት ላይ በአንድ ቦታ የተሰባሰቡ ጥቃቅን ጉድጓዶች ይተዋል። የአንዱ ቁስል ከሌላው ጫፍ ከፍታ ጋር መግጠሙን ይለኩ። ስለዚህ ከመታየቱ በፊት አይወልውሉት፣ ሪባኑን አይፍቱ፣ ከጀርባ የተሰፋውን ጨርቅ አይንቀሉ፤ የልብስ ሰፊው ምልክት ያለው እዚያ ነው። በፒቪሲ ላስቲክ ውስጥ አያስቀምጡት፣ ነሐሱ ላይ አረንጓዴ ዝቃጭ ያወጣል፤ አሲድ የሌለው ወረቀት ይሻላል። ለባለሙያ ፎቶ ሲልኩ ሙሉውን ስብስብ ከፊትና ከጀርባ፣ የጥንዱን ጠርዝ ዙሪያውን በ4 ፎቶ፣ የዲኤስሲውን ማኅተም በቅርበት፣ የዲኤስኦውን የንጉሥ ምልክትና የማንጠልጠያውን ጀርባ ያንሱ፤ ብርሃኑ ከጎን ይሁን፣ ፍላሽ አይጠቀሙ።